«የሰው አገር ለቅሶ ምን ያደርግልሻል?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህርት፣ እንደምን ከረሙ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የዘንድሮ ተመራቂ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አስገቡ ተብለናል። በአራት ዓመት ውስጥ ከልቤ የወደድኩት ትምህርት «ድኅረ ቅኝ ግዛት ሥነ ጽሑፍ» የሚባለው ነው። የናይጄሪያን፣ የኬንያን፣ የካሪቢያንን ጸሐፊዎች፣ ደግሞም ከአገራቸው ወጥተው ለንደንና ኒውዮርክ የሚጽፉትን የምናነብበት ማለቴ ነው። ጓደኞቼ ግን «እኛ መቼ ተገዛንና ነው የተገዙትን የምናጠናው?» ይሉኛል። ከነሱ የባሰው አባቴ ነው። ጋራዥ አለው፤ ያስተማረኝም በዚያ ሥራ ነው። ርዕሴን ስነግረው፣ «የሰው አገር ለቅሶ ምን ያደርግልሻል? እኛ ጣሊያንን ያባረርን ሰዎች ነን» አለኝ። መልስ አጣሁ። ርዕሱን ልተወው?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። ርዕሱን አትተዪው።

ጓደኞችሽ የሚሉትን እኔም በተማሪነቴ ብዬዋለሁ። ኢትዮጵያ በቅኝ አልተገዛችም፤ ይህን ስንል የሞቱለትን ሰዎች እያሰብን ነውና ማንም ሊያሳፍረን አይገባም። ስህተቱ ከዚያ ቀጥሎ «ስለዚህ አይመለከተንም» ስንል ነው። ይህ ትምህርት የተሸናፊዎች መዝገብ ቢሆን ኖሮ 36 ዓመት ሙሉ ከተማሪዎቼ ጋር አልቀመጥበትም ነበር። የሚያስተምረው ቃልን መመርመር ነው። ማን ስለ ማን ጻፈ? በማን ቋንቋ ጻፈ? ሲተረጎም ምን ጎደለ? በጎደለውስ ማን ተጠቀመ?

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሌጎስ መሄድ አያስፈልግሽም። ከደሴ ተነሥተሽ ሐይቅን ካለፍሽ ውጫሌ ነው፤ እዚያው አጠገብ ይስማ ንጉሥ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ማለት ነው። የጣሊያንኛው ቅጂ ያንኑ ነገር ግዴታ አድርጎ አሰፈረው። ሮም በዚያች ቃል ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። ሰባት ዓመት ሳይሞላ አድዋ ሆነ። እኔ ሁልጊዜ የዓመቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የምጀምረው ሰሌዳው ላይ «ይቻላቸዋል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሌላ ምንም ሳልጨምር። ልጆቹ ሰዋስው ላስተምር መስሏቸው ግሡን ማርባት ይጀምራሉ። ደወሉ ሲደወል ግን ስለ አድዋ እየተከራከሩ ነው የሚወጡት።

አሁን ይህን ይዘሽ ወደ ናይጄሪያዊው ጸሐፊ ቺኑዋ አቼቤ ሂጂ። እ.ኤ.አ. በ1958 በታተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ኦኮንኮ የተባለውን ሰው ሙሉውን መጽሐፍ ስናውቀው እንቆያለን፤ እርሻውን፣ ቁጣውን፣ የአባቱን ነገር፣ ልጁን። መጨረሻው ገጽ ላይ እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዥ ይመጣና ሊጽፍ ካሰበው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ሰውዬ አንድ አንቀጽ ያህል ሊሰጠው ይወስናል። አንድ ሙሉ ሕይወት አንድ አንቀጽ ሆነ። የውጫሌውን ግሥ ያየ ተማሪ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያስረዳው ይደነግጣል።

ደግሞም «አልተገዛንም» ስንል አምስቱን ዓመት መዝለል የለብንም፤ ደሴ ላይ የተቀመጥን ሰዎች በተለይ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ ሲደበድቡ አያቴ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። አያቴ ስለ እሳቱ ብዙ አታወራም ነበር። ደጋግማ የምታወራው በሚያዝያ ወር ጦሩ ሲገባ ስላየችው አንድ ሰው ነው። አስካሪ ነው፤ ከኤርትራ የመጣ የጣሊያን ወታደር። በራችን ላይ ቆሞ «ማይ» አላት። ከቅዳሴው የምታውቀው ቃል ነውና ውሃ ማለቱ መሆኑ ገባት። ፈርታ በጣሳ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣና ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰላት። «ጠላት እንዴት በሁለት እጁ ይመልሳል?» ትለን ነበር፤ እስክትሞት ድረስ ይህን ጥያቄ አልተወችውም።

እኔም መልስ አልነበረኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ የገብረየሱስ ኃይሉን «ሓደ ዛንታ» አነበብኩ። ሰውዬው ኤርትራዊ ካህን ነው፤ ልብ ወለዱን በትግርኛ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1927፣ የታተመው አስመራ በ1950 ነው። ቱኳቦ የሚባል ወጣት ጣሊያንን ሊያገለግል ወደ ሊቢያ ይዘምታል፤ አገራቸው ከተወሰደባቸው ዐረቦች ጋር ሊዋጋ። በረሃው ላይ ጓደኞቹ በውሃ ጥም ያልቃሉ። አገሩ ሲመለስ እናቱ ሞታ ይጠብቀዋል። የጥሙን ምዕራፍ ሳነብ የአያቴ አስካሪ በራችን ላይ ቆሞ ታየኝ። ይቅር አልኩት ማለቴ አይደለም። ግን ከየት እንደመጣ ዐወቅሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያንን መጽሐፍ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ትግርኛውን ይዤ ስቀመጥ ፊደሉን እንደ ውሃ አነበዋለሁ፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» የኔው ፊደል ነው፤ ትርጉሙ ግን ያመልጠኛል። የጎረቤቴን ልጅ ታሪክ ለመስማት በለንደን በኩል ዞሬ መጣሁ። ድኅረ ቅኝ ግዛት የሚሉት ነገር እኛን አይመለከተንም የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ የማስበው ይህን ነው።

ሌላም አለ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ማስተማር ስጀምር፣ በወጣትነቴ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ተማሪ 5 ሳንቲም ይቀጣ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አስቀምጬ ሳንቲሙን እዚያ እሰበስብ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ እኔንም እንደዚያ ነበር ያስተማሩኝ። ከኩታበር በኩል የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ስንቁን በአገልግል ይዞ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር። የሚከፍለው ሳንቲም ስላልነበረው አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ አፉን አልከፈተም። ሰነፍ ነው ብዬ ተውኩት። በመውሊድ ቀን አንድ ጎረቤቴ ጠርተውኝ ስሄድ ያ ልጅ መንዙማ ሲመራ አገኘሁት። ድቤው እየተመታ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀባይ ሆነው፣ እሱ ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው ሳይደናቀፍ ይወርዳል፤ አማርኛውን ከዐረብኛው እያዋሐደ፣ ቤት እየደፋ፣ ሁሉንም በቃሉ። እኔ ለዚያ ልጅ ሰሞኑን ሳስተምረው የነበረው «ግጥም ምንድን ነው?» የሚል ምዕራፍ ነበር።

የኬንያውን ንጉጊ ዋ ቲዮንጎን «ዲኮሎናይዚንግ ዘ ማይንድ» ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ነው። እሱ በተማረበት ትምህርት ቤት ጊኩዩኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ ይገረፋል፣ ወይም «ደደብ ነኝ» የሚል የብረት ሰሌዳ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። ያንን ገጽ ዘግቼ ጣሳዋን አሰብኩ። እሱን እንግሊዝ ገዝቶት ነው፤ እኔን ማን አዘዘኝ? ጣሳዋን በማግስቱ አነሣኋት። ልጁ ግን ያን ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

ንጉጊ በግንቦት 2017 ዓ.ም. አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1962፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ካምፓላ ማኬሬሬ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ጸሐፊዎች ጉባኤ ተገኝቶ ነበር። የተጠሩት በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ናቸው። እሱ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች በእንግሊዝኛ አሳትሞ ስለነበር ተጋበዘ፤ በስዋሂሊ ሲጽፉ የኖሩት ታላቁ ባለቅኔ ሻባን ሮበርት ግን ለጥሪው አይበቁም። ሐዲስ ዓለማየሁም ያኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ቢያሳትሙ ኖሮ በዚያ መለኪያ ከበር ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉጊ ከታባን ሎ ሊዮንግና ከሄንሪ ኦዉር አኒዩምባ ጋር ሆኖ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ክፍል ይቅር፣ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መሐል ይቀመጥ፣ የቃል ግጥሙም ይግባ ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1977 በጊኩዩኛ ከገበሬዎች ጋር ባሠራው ቴአትር ምክንያት ታሰረ፤ እስር ቤት ውስጥም በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩኛ ልብ ወለድ ጻፈ። ይህ ሰው ለኛ የሚነግረን ነገር የለውም የሚል ካለ፣ የመንዙማውን ልጅ አላየም።

አባትሽን በሚመለከት፣ ቅር አትሰኚባቸው። «ጣሊያንን ያባረርን» ያሉት እውነት ነው። አንድ ቀን ግን ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠሽ ሲሠሩ አዳምጪያቸው። ካቻቢቴ አምጣ፣ ኩሽኔቱ አልቋል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ባሌስትራው ተሰብሯል፣ ጎሚስታ ጋ ውሰደው ይላሉ። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያኑ ከተባረረ ዕድሜ ሆኖታል፤ ቃሉ እጃቸው ላይ ነው ያለው። ይህን የምልሽ እንድታሳጫቸው አይደለም። ቃሎቹን ወስደው የራሳቸው አድርገዋቸዋል፣ እንጀራም በልተውባቸዋል። አቼቤ እንግሊዝኛን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አባትሽ ከማንም አስተማሪሽ ይልቅ ይገባቸዋል።

«የሰው አገር ለቅሶ» ላሉት ደግሞ ይህን ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ክዋሜ ንክሩማ ወደ አሜሪካ ለትምህርት ሲያልፍ ለንደን ላይ ጣሊያን ኢትዮጵያን መውረሯን የሚናገር የጋዜጣ ማስታወቂያ መንገድ ላይ አየ። ሙሉ ለንደን በእሱ በራሱ ላይ ጦርነት ያወጀበት ያህል ተሰማኝ ብሎ ጽፏል። የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ ልጅ ነው፤ ደሴን አያውቃትም። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1911፣ የአገሩ ሰው ኬስሊ ሄይፎርድ ልብ ወለዱን «ኢትዮጵያ አንባውንድ» ብሎ ሰይሞት ነበር። በስማችን ተስፋ አድርገዋል፣ ስንወረር ለቅሶ ደርሰውናል። አባትሽ የቅሬ፣ የእድር ማለቴ ነው፣ አባል መሆናቸው አይቀርም። ለቅሶ የደረሰውን ሰው ለቅሶ አለመድረስ በወሎ ምን እንደሚባል እሳቸው ይንገሩሽ።

አሁን ወደ ሥራሽ። «ድኅረ ቅኝ ግዛት በአፍሪካ ልብ ወለድ» የሚል ርዕስ ይዘሽ አትሂጂ፤ ባሕር ነው፣ ትሰምጫለሽ። ሁለት መጻሕፍትና አንድ ጥያቄ ይበቃሻል። እኔ ብሆን «ሓደ ዛንታ»ን ከአብዱልራዛቅ ጉርናህ «አፍተርላይቭስ» ጋር አስቀምጥ ነበር። ጉርናህ ዛንዚባር ተወልዶ በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር የተሰደደ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ጸሐፊ ነው። «አፍተርላይቭስ» ውስጥ ሐምዛ የሚባል ወጣት ለጀርመን አስካሪ ሆኖ ይዘምታል። ሁለት አስካሪዎች፣ ሁለት ጌቶች፤ አንዱ መጽሐፍ በራስ ቋንቋ በጊዜው የተጻፈ፣ ሌላው በስደት አገር፣ በእንግሊዝኛ፣ ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ። ለሌላው ሰው የሚዋጋ ሰው ምን ተሰምቶት ነበር? ሁለቱ ጸሐፊዎች ይህን የሚያሳዩን እንዴት ነው? ከዚህ አይለፍ።

የዚህን ትምህርት ንድፈ ሐሳብ የጻፉትን ፋኖንንና ኤድዋርድ ሰይድን መጀመሪያ አትክፈቺ። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ አርሜያለሁ፤ ሠላሳው ገጽ ንድፈ ሐሳብ፣ መጽሐፉ ግን በአምስት ገጽ ተገላምጦ የታለፈ። ባለ 50 ገጽ ደብተር ግዢ። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቢ፤ በሁለተኛው ያስቆመሽን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ከነገጹ ገልብጪ፣ ለምን እንዳስቆመሽም ከሥሩ በአማርኛ ጻፊ። በአማርኛ ያልኩሽ ሆን ብዬ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስትጽፊ የአስተማሪሽን ቃል ትደግሚያለሽ። ደብተሩ ሲሞላ ያን ጊዜ ፋኖንን ክፈቺ፤ ጥያቄ ይዘሽ ስትገቢ ነው የሚመልስልሽ።

ጥያቄ፦ እኅቴ ዋሽንግተን ነው የምትኖረው። እዚያ የተወለደው ልጇ በእንግሊዝኛ አጫጭር ታሪኮች ይጽፋል፤ አንዱ ስለ ደሴ ነው። ደሴን ያያት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንብቤው ተከፋሁ። ጭጋግና ሽማግሌ ብቻ አድርጎ ሥሏታል። ይህ ልጅ የማን ጸሐፊ ነው? ምን ልበለው?
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መከፋትዎ ይገባኛል። ግን ጭጋጉን አይንፈጉት። በሐምሌ ከጦሳ ወርዶ መኪናው ሁሉ በቀትር መብራት ሲያበራ እኛስ ሌላ ምን እናያለን? ልጁ ያየውን ጽፏል። የጎደለው ያላየው ነው፤ እሱን ሊሰጡት የሚችሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

በስደት የሚጻፍ ሥነ ጽሑፍ አገር ቤቱን እንደ ካርታ ይስጠን ብለን ስንጠብቅ ሁሌም እንናደዳለን። ዲናው መንግሥቱ አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ አሜሪካ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ስላለው ኢትዮጵያዊ ነው። ሱቁ ውስጥ ከአንድ ኬንያዊና ከአንድ ኮንጎያዊ ጓደኛው ጋር ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌላው አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱ የተደረገበትን ዓመት ይመልሳል። እኔ አዲስ አበባን ፍለጋ ነበር የገባሁት፤ ያገኘሁት ሦስት ሰዎች አገራቸውን በዓመተ ምሕረት ብቻ ይዘው ሲቀሩ ነው። ይህን እዚህ የተቀመጠ ሰው ሊጽፈው አይችልም።

መዓዛ መንግሥቴም በሕፃንነቷ ነው የወጣችው። «ዘ ሻዶ ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለ ዘመቱ ሴቶች ነው። ሂሩት የምትባለው ልጅ የአባቷን ጠመንጃ ይወስዱባታል። ጠመንጃው በእንግሊዝኛው መሐል «ውጅግራ» ተብሎ በስሙ ይጠራል። የለንደኑ አንባቢ ይደናቀፍበት ይሆናል። እኔ ግን ያቺን ቃል ሳያት ጸሐፊዋ ፊቷን ወደ እኔ ያዞረች መሰለኝ።

ስለዚህ ለልጁ «አበላሸኸው» አይበሉት። ይደውሉለትና ታሪኩን አንድ በአንድ ያንሡለት። ሽማግሌዎቹ የት ነው የተቀመጡት? ሰኞ ገበያ ከሆነ ዙሪያቸው ጫጫታ ሊኖር ይገባል፤ ምን ይሸጣል? ማን ማንን ምን ብሎ ይጣራል? «አንቱ» የሚባባሉትን በእንግሊዝኛው ምን አደረገው? የማን ጸሐፊ እንደሆነ ያኔ ከእርስዎ ጋር ሲነጋገር ራሱ ይለየዋል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ይህን ነገር በአማርኛ ብቻ መጀመር ይቻላል?
ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ ይቻላል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ጀምር፤ ጣሊያንን የተዋጉ፣ ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩ ሰው ናቸውና ታሪኩን ከውስጥ ነው የሚነግሩህ። ቀጥሎ የውጫሌን ውል የአማርኛ ቅጂ ፈልግና አንቀጽ 17ን ጮክ ብለህ አንብብ። ከዚያም ቤትህ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ሰው ማን እንደሆነ እይ። ስለ ጣሊያን ጊዜ ከእናት ከአባታቸው የሰሙትን ጠይቃቸውና እንደተናገሩት፣ ሳታሳምር ጻፈው። ለዚህ አምድ ከላክህልኝ ቃል በቃል አትመዋለሁ።